ጋሽ ደምሴና የሒለት ዐወዳ ሽማግሌዎች

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት ነው። ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጎረቤታቸው የነበሩት ሲት ኑር ደወሉልኝ። ካርቱም ውስጥ ስልክ ሲነሣ የጤናው፣ የቤቱ፣ የቤተሰቡ ጥያቄ ረጅም ነው፤ ሲት ኑር ግን ሰላምታውን መሀል ላይ አቋረጡት። ያኔ አወቅሁ። "ዐም ዳምሲ" አሉ። ሱዳኖቹ ደምሴ የሚለውን ስም እንዲህ ነበር የሚጠሩት፤ አጎቴ እንደ ማለት ዐም ብለው። ከዚያ በኋላ ያሉትን በደንብ አልሰማሁም። ዐማራት ሰፈር ባለው ቢሯችን መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር። ከታች አንድ ባለ ሦስት እግር ረክሻና አንድ ታክሲ ተፋጥጠው ጡሩምባ ይነፋሉ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ስነሣ በመጀመሪያ የማስበው ስለምጽፍበት ቋንቋ ነው። እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ አባቴ ሱዳናዊ። ተወልጄ ያደግሁት ካርቱም ነው። ከእናቴ ጋር የምናወራው ግማሹን በዐረብኛ ስለ ነበር አማርኛዬ ከወጥ ቤት የሚወጣ አልነበረም። "አንቺ ያለሽ አማርኛ ብይ፣ ጠጪ፣ በሩን ዝጊ ብቻ ነው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ደምሴ እየሳቁ። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ደሞዝተኛ ሆኜ፣ ከመንደር መንደር ስንጓዝ በመኪናው መስታወት አቧራ ላይ በጣታቸው "ሀ ሁ" እየጻፉ አስተማሩኝ።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ቢሯችን ትንሽ የበጎ አድራጎት ቢሮ ነበር። ከጥቁር ዓባይ በስተምሥራቅ ባሉ የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሐኪምና መድኃኒት በመኪና እናደርሳለን። እኔ የካርታ ሠራተኛ ነኝ። ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ እዘረጋለሁ፤ ጣሪያዎቹን አንድ በአንድ ምልክት አደርግባቸዋለሁ፤ መንገዱን እሥላለሁ። መኪናዋ ማክሰኞ የት፣ ረቡዕ የት እንደምትቆም የሚወሰነው ከዚያ ካርታ ተነሥቶ ነው። አለቃችን ዶክተር ሃሽም ካርታውን በጣም ይወዱት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጠረጴዛዬ ያመጡና "ሀናን፣ እስቲ አሳዪያቸው" ይሉኛል። እኔም እኮራ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የተቀጠሩት በሹፌርነት ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲራመዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ነው እርምጃ እንደሚቆጥሩ ያወቅሁት። በተቀጠሩ በሳምንታቸው ቁልፍ ሊመልሱ ገብተው ከኋላዬ ቆሙና ካርታውን አዩት።

"ይህ መንገድ እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ?" አሉኝ።

"እንጃ፣ ፎቶው ላይ እንዲህ ነው።"

"አገሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። ሰው በከንቱ አይታጠፍም። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ ነው። መኪናዋን በዚህ በኩል እንዳትልኪያት።"

ክረምቱ ሲገባ እንዳሉት ሆነ። ያ ቦታ ሐይቅ መሰለ። ሄጄ ይህን እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ቀያሽ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። "ፖለቲካ ውስጥ በጭንቅላቴ ገባሁ፣ በእግሬ ወጣሁ" አሉ። ድንበሩን ተሻግረው ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። ጀሪፍ ባሉት የጡብ ምድጃዎች ጭቃ ረግጠዋል፣ ዘበኛ ሆነዋል፣ የጭነት መኪና ነድተዋል። ካርታ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በእጃቸው አልነኩም ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ምሬት አልነበረባቸውም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና "እስቲ ይህ ማሽን እንዴት ነው የሚሠራው?" አሉ።

ሒለት ዐወዳ የምትባል መንደር ነበረች። እውነቱን ለመናገር መኖሯን ያወቅሁት ከካርታዬ ላይ ካወጣኋት በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ጣሪያዎች ገሚሱ ፈርሷል፤ የመኪና ዱካ አይታይም፤ የታረሰ መሬት የለም። እኔም "የተተወ" ብዬ ጻፍኩባትና አለፍኩ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። መኪናችን በየማክሰኞው ከእሷ ወዲህ ባለው መንገድ ሳትቆም ታልፋለች።

አንድ ማክሰኞ ከሐኪሙ ጋር ከሥራ ስንመለስ ጋሽ ደምሴ መኪናውን አቆሙ። ወርደው መሬቱን አዩና ተመለሱ።

"የአህያ ጋሪ ዱካ ነው። ውሃ ጭኖ ነው የሄደው፤ ባዶውን ተመልሷል" አሉ።

"ወዴት?" አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ሒለት ዐወዳ አመለከቱ።

"እዚያ ሰው የለም፣ ጋሽ ደምሴ። እኔ ነኝ ያየሁት።"

"ሰው የሌለበት መንደር ውሃ ምን ያደርግለታል?"

መሪውን አዞሩ። ሐኪሙ ደክሞት ስለ ነበር አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን ነዱ።

ሰው ነበረ። ወጣቶቹ ገሚሱ ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ገሚሱ ካርቱም ገብተዋል። ቀርተው የነበሩት መሄድ ያልቻሉት ናቸው፤ ሁሉም ያረጁ፣ በጠቅላላው ከአሥር የማይበልጡ። ሁለት ሦስት ቀን እየቆየ አንድ ባለ ጋሪ ውሃ ያመጣላቸዋል። መኪናዋ ስትቆም ከየጥላው እየተነሡ፣ ግድግዳ እየያዙ መጡ። በመጨረሻ ላይ የሱዳን ሴቶች ቶብ የሚሉትን መጎናጸፊያ ራሷ ላይ እያስተካከለች ከአንድ በር ላይ የቆመች ማየት የተሳናት አሮጊት ነበረች። ሐቡባ ዘይነብ ትባላለች፤ ሐቡባ ማለት አያት ማለት ነው።

"ይቺ የማክሰኞዋ መኪና ናት?" አለች።

"የማክሰኞዋ ናት" አላት ሐኪሙ።

"ድምጿን አውቀዋለሁ። በየማክሰኞው ከወዲያ በኩል ስታልፍ እሰማታለሁ። ባለቤቴ፣ አላህ ይማረው፣ 'የሐኪም መኪና ናት፤ ዛሬ ባትመጣ በሚቀጥለው ትመጣለች' ይለኝ ነበር። ሽንቱ ተይዞበት ነበር የታመመው። ከረመዳን በፊት ሞተ።" ከዚያ እጇን ዘርግታ አየሩን ፈለገችና የእኔን እጅ አገኘች። "እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ፣ ጥላ አለ።"

የወቀሳ ቃል አልነበረበትም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እጄን ከእጇ አስለቅቄ ከመኪናው ኋላ ሄጄ ተንሰቀሰቅሁ። ጋሽ ደምሴ ተከትለውኝ መጡ። ትከሻዬን አልነኩም፣ አይዞሽ አላሉም።

"አልቅሺ" አሉኝ። "ግን ቶሎ ጨርሺ። ሐኪሙ ስም የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል።"

ስሞቹን ጻፍኩ። ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ትኩሳት ይዟቸው ዐንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። ጋሽ ደምሴና ሐኪሙ ከነአልጋቸው ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስገቧቸው፤ ካርቱም ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ተርፈውም ተመለሱ። ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ፣ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ፣ ጋሽ ደምሴ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ "ጣሪያ ነው የቆጠርሽው፣ ሀናንዬ። ጣሪያ አይታመምም" አሉኝ።

በማግስቱ ከሁላችን በፊት ቢሮ ገብተው አገኘኋቸው። ጥፋቴን ለዶክተር ሃሽም የነገርኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ዶክተር ሃሽም "ምን ይሻላል?" ብለው ጠየቁ፤ የጠየቁት ግን እኔን አልነበረም፣ ሹፌሩን ነው። ጋሽ ደምሴም ማንም ሰው ሄዶ በር ሳያንኳኳ አንድም መንደር ከካርታ እንዳይወጣ፣ ከጣሪያው ሥርም ማን እንደሚኖር፣ ማየት ይችል እንደሆነ፣ መራመድ ይችል እንደሆነ፣ ቢጮህ የሚሰማው ጎረቤት ማን እንደሆነ እንዲጻፍ ጠየቁ። እንደዚያ ጀመርን። ያን ዓመት ሁሉ እሳቸው ጂፒኤስ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ እኔ ደብተር ይዤ፣ ከቤት ቤት ዞርን። ሽማግሌ ሲያነጋግሩ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። ስለ በሽታቸው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ፍየሎቻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃሉ። እኔ ስቸኩል "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰው ሰው ከጠየቀው ስንት ጊዜው መሰለሽ?" ይሉኛል።

ከዶክተር ሃሽም ጋር የተጋጩት በአንድ ነገር ነው። ለሒለት ዐወዳና ለአካባቢዋ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ሲመረጥ ኮምፒዩተሩ የትልቁን መንደር ትምህርት ቤት አወጣ። ከሒለት ዐወዳ በእግር አርባ ደቂቃ ይላል። ዶክተር ሃሽም ደስ አላቸው፤ ለስድስት መንደር አንድ ማቆሚያ ይበቃል ማለት ነው፤ የተረፈው ቀን ለሌላ መንደር ይሆናል። ክፋት አልነበረበትም።

ጋሽ ደምሴ ግን እኔን ይዘው ሒለት ዐወዳ ሄዱና ሐቡባ ዘይነብን እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ትሄድ እንደሆነ ጠየቋት። ሳቀች። "ዐም ዳምሲ፣ ከአገር ልታስኮበልለኝ ነው?" አለች። ክንዳቸውን ሰጧትና ጠዋት በቀዝቃዛው ተነሣን። ትንሽ ሄዳ ትቆማለች፤ ትንሽ ሄዳ ትቀመጣለች። በተቀመጠች ቁጥር ጋሽ ደምሴ አብረዋት ይቀመጣሉ፤ እኔ ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ስለ ሠርጓ አወራችን። ጉልበቷን እያሻሸች ስለ ባለቤቷ ክፉ ጠባይ አወራችን፤ ስለ ደግነቱም። ፀሐዩ ሲከር ጋሽ ደምሴ ሸሚዛቸውን አውልቀው በራሷ ላይ ዘረጉላት። እሳቸው በካናቴራ ቀሩ። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ከተነሣን ሦስት ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረውም። ሐቡባ ዘይነብ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችና "አሁን ታምሜ ብሆን ኖሮ መንገድ ላይ ነበር የምታገኙኝ" አለች።

ጋሽ ደምሴ ጉዞውን የጻፍንበትን ወረቀት ለዶክተር ሃሽም አቀረቡ። ዶክተሩ አንብበው "ግን ኮምፒዩተሩ አርባ ደቂቃ ነው የሚለው" አሉ።

"ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን አያመውም፣ ዶክተር።"

ዶክተር ሃሽም መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አነበቡት፤ ያረፈችባቸውን ቦታዎች በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ። "የኔም እናት ጉልበቷን ያማታል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መኪናዋ ሒለት ዐወዳ ገብታ ትቆም ጀመር። በሌሎቹም መንደሮች ካርታዬ ላይ ያለውን የመንገድ ሰዓት ሁሉ አጥፍቼ በሽማግሌ እርምጃ እንደገና ሞላሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ጋሽ ደምሴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ይሄ ነገር ኢትዮጵያንም ያሳያል?" አሉኝ። ያሳያል አልኳቸው። ጎጃም ውስጥ ያለ ቦታ ነገሩኝ። ወንዙን፣ ከዚያ ገደሉን እየተከተሉ ወዴት እንደምሄድ መሩኝ። ስሕተት አልሠሩም። አንድ ክብ ደን አገኘን፤ መሀሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ያብለጨልጫል። "አሁን ወደ ግራ፤ ቀስ በይ፤ እዚህ ጋ ቁሚ" አሉ። ባሕር ዛፍ ነው የሚታየው። ቤት የለም።

"እዚህ ነበር" አሉ። "እናቴ በመጨረሻ ዐይኗ ጠፍቶ ነበር አሉኝ። ማረፏንም የሰማሁት ዘግይቶ ነው። ሰው ስልክ አግኝቶ እስኪነግረኝ ሁለት ዓመት አለፈ።" ከደኑ እስከ ባሕር ዛፉ ያለውን መንገድ በጣታቸው ሄዱበት። "ቤተ ክርስቲያን ማን እየመራ ይወስዳት እንደ ነበር አላውቅም። ጤና ጣቢያም ማን ወስዷት እንደሆነ... አንድ ልጇ እኔ ነበርኩ።"

ምልክት ላድርግበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አይ፣ ተዪው። እንዲያው ትንሽ ልየው" አሉ።

ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ እሳቸውም መኪናዋን ያጥባሉ።

ስኳር እንዳለባቸው አልነገሩንም ነበር። የስንቱን አሮጊት ስኳር ሲያስለኩ የራሳቸውን ጣት አንድ ቀን ዘርግተው አያውቁም። አንድ ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ትናንት ሁለት ጊዜ ጉድጓድ አላየሁም። ከእንግዲህ ሰው ጭኜ መንዳት አልችልም" አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ዶክተር ሃሽም ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፤ ዐይናቸውም ኩላሊታቸውም ተጎድቶ ነበር። "ለምን ደበቁን?" ብዬ ጮኽኩባቸው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝና "ከመኪናው የምታወርዱኝ መስሎኝ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ጀሪፍ ቤታቸው ቀሩ። ዓርብ ዓርብ ላፕቶፔን ይዤ እሄድ ነበር። የየመንደሩን ወሬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያርሙኛል። "ሐሰን ዑስማን ብቻውን አይደለም፤ ምራቱ ተመልሳለች።" "የዚያች ሴትዮ ቤት በሩ በስተምሥራቅ ነው።" ዐይናቸው እየደከመ ሲሄድ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ካርታ ምንም አልደበዘዘም።

ከዚያ የነዳጅ እጥረት መጣ። መኪናዋ ቤንዚን አጥታ ቆመች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የደም ግፊትና የስኳር ኪኒን የሚውጡት ሽማግሌዎች እጃቸው ላይ ያለው እያለቀ ነው። ዶክተር ሃሽም ከዚህ ማደያ እዚያ ማደያ ይሰለፋሉ፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ የማደርገው የለኝም። ዓርብ ዕለት ጀሪፍ ስሄድ ጋሽ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ በወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ይቀመጡ እንደ ነበር ሲት ኑር ነገሩኝ።

"ደብተርሽን አውጪ" አሉኝ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ። "ወተት።"

"የምን ወተት?"

"ጠዋት ጠዋት ወተት ጭነው የሚመጡት ፒክአፖች፣ ቦክሲዎቹ፣ ከየት የሚመጡ ይመስልሻል? ከኛ መንደሮች እኮ ነው። ወተት ይበላሻል፤ ስለዚህ እነሱ ነዳጅ እንደ ምንም ብለው ያገኛሉ። ባዶ ጣሳ ይዘው ነው የሚመለሱት።"

በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን የወተት ነጋዴ እያስቆሙ ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የት የት እንደሚቆም ጠይቀዋል። ዐይናቸው ደክሞ መጻፍ ስለማይችሉ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። እየነገሩኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ መስመሮቹን ሣልኩ። ስንጨርስ ከመንደሮቻችን አንድም የቀረ አልነበረም። ሒለት ዐወዳ የወተት መኪና አይገባባትም፤ ለእሷ ደግሞ ውሃ የሚያመጣውን ባለ ጋሪ አገኙላት። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ በየስሙ በትናንሽ ከረጢት ታስሮ ከወተት ጣሳዎች መሀል ተጭኖ ሄደ። በየመንደሩ ስልክ ያለው አንድ ሰው ተቀብሎ ያድላል፤ ሲያድል ይደውልልናል። ነዳጅ እስኪመለስ ድረስ እንደዚያ ዘለቅን፤ በዚያ ጊዜ ኪኒን ያጣ አንድም ሽማግሌ አልነበረም። ዶክተር ሃሽም ጀሪፍ ድረስ መጥተው የጋሽ ደምሴን ግንባር ሳሙ። ጋሽ ደምሴ ተሽኮረመሙ፤ "ያላ፣ በሉ፣ ዶክተር፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣልዎ" እያሉ ነገሩን ሊያስረሱት ሞከሩ።

ያረፉት ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የቀበርናቸው በማግስቱ ካርቱም ባለው የክርስቲያኖች መቃብር ነው። ሰው ብዙ አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን የጡብ ሠራተኞቹ መጡ፣ ሹፌሮች መጡ፣ የወተት ነጋዴዎች ቆመው አፈር መለሱ።

ማክሰኞ ሒለት ዐወዳ ሄጄ ለሐቡባ ዘይነብ ነገርኳት። ቶቧን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ "ቤቱ የት ነው?" አለችኝ።

"ጀሪፍ የነበረው?"

"አይደለም። አሁን ያለበት።"

ነገርኳት። ውሰዱኝ አለች። አንድ ጎረቤቷ፣ ሽማግሌ፣ "የነሷራ መቃብር ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?" አላት፤ የክርስቲያን ማለቱ ነው። ሐቡባ ዘይነብ ወደ ድምፁ ዞረችና "እሱ ቤቴ ሲገባ ምን ልሥራ ብሎ አልጠየቀም" አለችው። ሽማግሌው አፈረ። ራሱ መጥቶ መኪናው ላይ ስትወጣ ደገፋት።

ካርቱም ከገባች ስንት ዓመቷ እንደሆነ አታስታውስም። መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ከፍታ አየሩን እያሸተተች ሄደች። መቃብሩ በር ላይ ዘበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና በሩን ከፈተልን። ክንዷን ይዤ በመቃብሮቹ መሀል ቀስ ብለን ሄድን። ስንደርስ ቁጭ አለች። አፈሩ ገና አዲስ ነበር። ከራስጌ እስከ ግርጌ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ በእጇ ያገኘቻትን አንዲት ጠጠር አንሥታ ወደ ዳር አደረገች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የሙት ጸሎቷን፣ ፋቲሓዋን፣ ቀራችለት። ስትጨርስ ፊቷን ጠረገችና ጎንበስ ብላ፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው፣

"ዘይነብ ነኝ" አለችው። "ቤትህን አወቅሁት።"